ዱላ የማይደርስበት ቦታ

ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ጥራትና ተመርቆ ሥራ ስለ ማጣት በዚህ መጽሔት የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙዎች ናቸው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ውሻ ነው። «የሚጻፍ ነገር አለቀ ወይ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። እንዲያውም አሳቡን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ባጫውተው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ለውሻ ትምህርት ቤት ልትከፍት ነው?» ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ። በጊዜው የምመልስለት ቃል አጥቼ እኔም አብሬው ሳቅሁ። መልሱ የመጣልኝ ዘግይቶ ስለሆነ፣ ለእርሱም ለሌላውም ይሆን ዘንድ እዚህ አሰፍረዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሐረር ነው። የእኛ ቤት ከፈላና በር ውጭ ይገኛል። ፈላና በር ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ሲሆን፣ ከጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች መካከል በሰሜን በኩል ያለው ነው። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል፤ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህም ከተማው በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ ሐረር የመጣ እንግዳ ግን ቀን ግንቡን ቢያይም ማታ የሚጠይቀው ስለ ጅቡ ነው።

ጅብ ከሚቀለብባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የእኛ ሰፈር ነው። ቀላቢው ሲመሽ ሥጋውን በቅርጫት ይዞ ይቀመጥና ጅቦቹን በስም በስማቸው ይጣራል። እነርሱም ከጨለማው ውስጥ አንድ አንድ እያሉ ብቅ ይላሉ፤ ከአጭር እንጨት ጫፍ ላይ ሥጋቸውን ተቀብለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ሲጠሩ ደግመው ይመጣሉ። ደፋር የሆነ እንግዳ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ያጐርሳቸዋል። በግንቡም ሥር «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ፣ ትርጓሜውም የጅብ ቀዳዳ የሆነ፣ መግቢያዎች አሉ፤ ጅቦቹ ሌሊት በእነዚያ ገብተው የወዳደቀውን አጥንት ይለቅማሉ። በዓሹራ በዓል ደግሞ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ማርከስ ቤይንስ ሮክ የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ሐረር ተቀምጦ ይህን ካጠና በኋላ በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሞበታል።

እኔ ይህን እያየሁ አደግሁ፤ ስላደግሁበትም አላስተዋልሁትም። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ግን አንድ ማታ ከእንግዶች ጋር ቆሜ ሳለሁ፣ የሰፈር ውሻ የሥጋው ሽታ ስቦት ወደ ቅርጫቱ ጠጋ አለ። አንድ ልጅ ድንጋይ አነሣና ጐኑን መታው። ውሻው እየጮኸ ሄደ። ያው ልጅ ዘወር ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጅቡ ሥጋ ሲቀበል በአድናቆት ማየቱን ቀጠለ። ሌሊቱን ቤቱን የሚጠብቅለት ግን ያ ድንጋይ የወረወረበት ውሻ ነው። ለሚያስፈራን ሥጋ፣ ለሚጠብቀን ድንጋይ!

ይህን የምለው ልጁን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም በዕድሜው ብዙ ድንጋይ ወርውሬያለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። ጅብን ማንም በዱላ አያስተምርም፤ የሚደፍርም የለም። ዱላው ስለማይሠራ ሰው ሌላ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነበት። ስም አወጣ፣ ታገሠ፣ ሥጋ ያዘ፣ ድምፁን አለዘበ፤ ዘዴውም ሠራለት። ውሻን ግን ዱላ ስለሚያስፈራው፣ ከዱላ ወዲያ እንድናስብ ያስገደደን ነገር አልነበረም። እንግዲህ የሰው ብልኀት በጅቡ ዘንድ ስታድግ በውሻው ዘንድ ሰንፋ ቀረች።

ለውሻ የምናስተምረውን ቃል እስቲ እንቍጠር። «ሂድ! ውጣ! ዝም በል! ተው!» ሁሉም የማራቅና የመከልከል ቃል ነው። «ና» የምትለዋ እንኳ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ሰንሰለት ሊታሰርለት ሲፈለግ ነው። ከዚያ በኋላ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያልን እንተርትበታለን፤ ጅቡ ሳይሄድ ምን እንዲያደርግ አስተምረነው እንደ ነበር የሚጠይቅ ግን የለም።

በቤታችን ቡቺ የሚባል፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ውሾች ዘሩ ይህ ነው የማይባል ቡናማ ውሻ አለ። አያቴም አሉ፤ ቁርጥማት ስለያዛቸው ጐንበስ ብለው የወደቀ ዕቃ ማንሣት አይችሉም። ከዘራቸው ከእጃቸው ካመለጠ ሰው እስኪመጣ ድረስ በተቀመጡበት መቈየት ነው። ቀድሞ ዕቃ የምታቀብላቸው አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስለ እርሷ በኋላ እመለስበታለሁ። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ስላልነበረኝ «ይህን ውሻ ጫማና ከዘራ እንዲያመጣ ላስተምረው» ብዬ ተነሣሁ። አያቴ ሰምተው «ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ለዚህ ነው?» አሉኝ።

በመጀመሪያ ያስተማርሁት እኔ ራሴ በተማርሁበት መንገድ፣ ማለት በአርጩሜ ነበር። አርጩሜውን በግራ፣ ጫማውን በቀኝ ያዝሁ። ጫማውን ወርውሬ «አምጣ!» ብዬ ጮኽሁ። ቡቺ የሚያየው አርጩሜውን ብቻ ስለ ነበር ጆሮውን አጥፎ መሬት ላይ ተኛ። ጐተትሁት፤ ገረፍ አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን እንደ ምንም ብሎ ጫማውን በአፉ አነሣ። እኔም ደስ ብሎኝ «ና! አምጣ!» ስለው፣ ጫማውን እንደ ነከሰ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ ቆመ። ስጠጋው ይርቃል፤ ስቆም ይቆማል። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርን። በመጨረሻ ራሱ እያዘገመ መጣና ጫማውን እግሬ ሥር ጣለው። እኔ ደግሞ ንዴቴ ስላልበረደ መታሁት።

ከማግሥቱ ጀምሮ ጫማ ባየ ቍጥር የሚሸሽ ውሻ ሆነ። አያቴ ይህን ሁሉ ከበረንዳ ተቀምጠው ሲመለከቱ ቈይተው ኖሮ «ለመሆኑ ሲመጣልህ ለምን መታኸው?» አሉኝ።

«ስለ ዘገየ ነዋ» አልሁ።

«እርሱ ይህን መች ዐወቀልህ? የተመታው ሲመጣ ነው» አሉ።

ይህች አንዲት ቃል አሳቤን ሁሉ ገለበጠችው። ዘግይቶ የመጣን የሚመታ ሰው መዘግየትን የሚቀጣ ይመስለዋል፤ የቀጣው ግን መምጣትን ነው። ውሻው መዘግየቱን አያስታውስም፤ ወደ እኔ ሲቀርብ ዱላ እንዳገኘው ግን አይረሳም።

ነገሩን እያሰላሰልሁ ስሄድ የዱላ ወሰን የት እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ዱላ ብዙ ነገር ማስተው ይችላል። ውሻን ከማድ ቤት ያስወጣል፤ ጩኸቱን ያስቆማል፤ ከምንጣፍ ላይ ያስነሣል። በነዚህ ሁሉ ዱላው ከውሻው አጠገብ ነው። «አምጣ» ግን ሌላ ዓይነት ትእዛዝ ነው። «አምጣ» የተባለ ውሻ ከጌታው መራቅ አለበት፤ በበሩ ወጥቶ፣ ጓዳ ገብቶ፣ ዱላ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ማን ይመልሰዋል? የሚፈራ ቢሆን እዚያው ይቀራል። የሚመለሰው መመለሱን የወደደው እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ውሻውን እንዴት እንደ ያዘው ለማወቅ ሩቅ ያለ ዕቃ እንዲያመጣለት ማዘዝ ይበቃል።

አያቴ በአንድ ቃል የተናገሩት ነገር በሳይንስም የተመረመረ መሆኑን በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ተረዳሁ። የሩስያው ፓቭሎቭ በውሾች ምራቅ ላይ ያደረገውን ጥናት አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት ሰምተናል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ደግሞ ድመቶችን በሳጥን እየዘጋ ከዚያ የሚወጡበትን ብልኀት እንዴት እንደሚማሩ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ገለጠ፤ ጥሩ ውጤት ያስከተለ ሥራ እየተደጋገመ እንደሚሄድም አስረዳ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1951 እ.ኤ.አ. «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ላይ እንስሳን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ለማንኛውም አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ጻፈ። ምክሩ ቀላል ነው። እንስሳው ትክክለኛውን ነገር ባደረገበት ቅጽበት አንዲት አጭር ድምፅ አሰማ፤ ወዲያው ጥቂት ምግብ ስጥ፤ ሥራውንም በትናንሽ እርምጃ ከፋፍለው ይላል።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። በቤቱ ውሻ ያለው አንባቢ ይሞክረው ዘንድ አሠራሩን በዝርዝር እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ አርጩሜውን ጣልሁ። ሥጋ ቤት ከሚጥለው ቅንጥብጣቢ በጣት ጥፍር ልክ እየቈረጥሁ ያዝሁ። የትምህርቱ ጊዜ ጥዋትና ማታ፣ ውሻው ከመብላቱ በፊት፣ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ነበር። ሰው ሲሰለቸው ውሻውም ይሰለቸዋል፤ ስለዚህ ገና ደስ እያለው ሳለ ማቆም ይሻላል። በምላሴ «ጭ» የምትል ድምፅ አሰማና ሥጋ እሰጠዋለሁ፤ ደግሜ «ጭ» እልና ደግሜ እሰጠዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ድምፅዋን ሲሰማ ዞር ብሎ እጄን መፈለግ ጀመረ። አሁን ቋንቋ አገኘን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ጫማውን በመካከላችን አስቀመጥሁ። ሲያየው «ጭ»፤ ሲያሸተው «ጭ»። ከዚያ በማየቱና በማሽተቱ መክፈል ትቼ በአፉ ሲነካው ብቻ ከፈልሁት። ጫማውን የፈራው በእኔ ጥፋት ስለ ነበር ይህ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀ። አንድ ጊዜ የሰበሩትን ለመጠገን ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ሦስተኛ፣ ከመጨረሻው ጀመርሁ። አስቀድሜ ያስተማርሁት መሄዱን ሳይሆን ጫማውን በእጄ ላይ ማኖሩን ነው፤ ቃሉም «ስጥ» ነው። ይህን ካወቀ በኋላ ጫማውን አንድ እርምጃ አራቅሁት፤ ቀጥሎ ሁለት፤ ቀጥሎ እስከ በሩ፤ ቀጥሎ ወደ ጓዳ። ወዴት እንደሚደርስ የሚያውቅ መንገደኛ መንገዱ አይረዝምበትም።

አራተኛ፣ ስሙን ያወጣሁለት ሥራውን ከቻለ በኋላ ነው። ሳያውቀው መቶ ጊዜ «ጫማ» ቢሉት ለእርሱ የነፋስ ድምፅ ነው። እያነሣው ሳለ «ጫማ» ብንለው ግን ቃሉ ከነገሩ ጋር ይጣበቃል። ጫማውን ካወቀ በኋላ ከዘራውን ለብቻው አስተማርሁትና ሁለቱን አንድ ላይ አኖርሁ። የተሳሳተውን ሲያመጣ አልተቈጣሁም፤ ሥጋም አልሰጠሁም፤ ተቀብዬ መልሼ አኖርሁትና እንደ ገና አዘዝሁት። ቁልፍ ደግሞ ብረቱ ለጥርሱ ስላልተስማማው ጨርቅ አሰርሁበት። ክረምቱ ሲያልቅ ቡቺ ጫማ፣ ከዘራ፣ ፎጣና ቁልፍ ለይቶ ያመጣ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን የቤቱ ሰው ነው። አንዱ «ጫማ» ሲል ሌላው «ሲሊፐር» ይላል፤ አያቴ «አምጣልኝ የኔ ጌታ» ይሉታል፤ ጐረቤታችን ሲመጡ በኦሮምኛ «ፊዲ!» ይሉታል። ውሻው ቋንቋ አይመርጥም፤ የሚፈልገው አንድ ነገር አንድ ስም እንዲኖረው ብቻ ነው። ለአንድ ጫማ አንድ ቃል ለመስማማት የቤተ ሰብ ጉባኤ አንድ ማታ ሙሉ ተቀመጠ። በመጨረሻ አያቴ አሸነፉ።

የቡቺ አራት ቃል ለዓለሙ የሚያስደንቅ አይደለም። በጀርመን አገር ሪኮ የተባለ የበግ ጠባቂ ዘር ውሻ ከ200 የሚበልጡ ዕቃዎችን በስማቸው ለይቶ ያመጣ እንደ ነበር በ2004 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ባለቤቱ በዓይንም ሆነ በእጅ እንዳይጠቁመው ዕቃዎቹን በሌላ ክፍል አኑረው ፈተኑት። ጆን ፒሊ የተባሉ በጡረታ ያሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ደግሞ ቼዘር የተባለች ውሻቸውን በሦስት ዓመት ውስጥ የ1,022 መጫወቻዎችን ስም አስተምረው ውጤቱን በ2011 እ.ኤ.አ. አሳተሙ።

ይህ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ነገርም አይደለም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች የሚሆን የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት በ1916 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ኦልደንቡርግ ከተማ ተከፈተ። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ እጅ እግራቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች የወደቀ ዕቃ የሚያነሡና በር የሚከፍቱ ውሾችን የሚያሠለጥን «ኬናይን ኮምፓኒየንስ» የተባለ ድርጅት በካሊፎርኒያ ተመሠረተ። የመሪ ውሻ ሥልጠና ረዥምና ውድ ስለሆነ ነገ ጥዋት እንጀምረው አልልም። የወደቀ ከዘራ ማንሣት ግን አንድ ክረምትና ጥቂት ቅንጥብጣቢ ይበቃዋል፤ በየቤቱ ጐንበስ ማለት የተሳነው ሽማግሌና ባልቴት ደግሞ ስንት አለ!

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ።

የመጀመሪያው የሃይማኖትና የንጽሕና ነው። በሐረር የሻፊዒ ሊቃውንት የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን ጊዜ በአፈር፣ መታጠብ እንዳለበት ያስተምራሉ። ጐረቤታችን የሆኑ አንዲት የሐረሪ እናት «ልጄ፣ የኛ ቤት ዕቃ በውሻ አፍ አይገባም» ሲሉኝ «እሺ እማማ» ብዬ አከበርሁላቸው። ነገር ግን የሠለጠነ ውሻ ለባለቤቱ ያደነውን መብላት በቁርኣን በአምስተኛው ሱራ እንደ ተፈቀደ የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው። የተማረና ያልተማረ ውሻ በሕግ ዘንድ እንኳ ልዩነት አላቸው ማለት ነው። በእኛም መጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ይከተለዋል።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዚህ ቀልድ የለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው ይድናል ማለት ዘበት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ውሻ የሚያሳድግም ከማስተማር አስቀድሞ ያስከትብ። ግን ይህ ተቃውሞ ሲመረመር ለእኔ ይመሰክራል። የበሽታውን መተላለፍ ለመግታት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው። ሲጠሩት የሚመጣ ውሻ ለመከተብ ቀላል ነው፤ ከሰው እጅ ድንጋይ ብቻ የሚያውቀውን ግን ማን ይይዘዋል? መያዝ ሲያቅት ወደ መርዝ መሄድ ይመጣል። ሬምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለ ቅኔ እንኳ በሐረር ነጋዴ ሳለ ዕቃውን ያበላሹበትን ውሾች በመርዝ እንደ ፈጀ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይተርካሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ዘዴያችንም አብሮ መሻሻል ነበረበት።

ሦስተኛው የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ተቃውሞ ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው። በአገራችን ለውሻ ሥጋ መስጠት የፖለቲካ ታሪክ አለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ የሠራው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ከሚያሳይ ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያ ፊልም በትውልድ ልብ ውስጥ ስለ ቀረ፣ ውሻና ሥጋ በአንድነት ሲነሣ ቅር የሚለው ሰው አይፈረድበትም። ሆኖም ተከሳሹ ሰውን የረሳው እጅ ነበር፤ ውሻው ምን አጠፋ? ቡቺ አስተማርሁትም አላስተማርሁትም በቤታችን አለ፤ ይበላል። ይልቁንስ በቤታችን ሰው እንዴት እንደሚያዝ የገለጠልኝ ይህ ውሻ ነው።

እነሆ አሁን ስለዚያች ልጅ እናገራለሁ። ከገጠር፣ ከዘመድ ዘንድ፣ «ትማርልን» ተብላ የመጣች የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ግማሽ ቀን ትማራለች፤ የቀረውን ግማሽ «አምጪ» ስትባል ትውላለች። ውኃ አምጪ፣ ጫማ አምጪ፣ ከሰል አምጪ። ደብተሯን ከፍታ አንድ ገጽ እስክትጨርስ ሦስት ጊዜ ትነሣ ነበር። ገበያ ተልካ ከዘገየችም ትመታለች። የሚመቷት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እኔም በልጅነቴ የተመታሁበት ያው አርጩሜ ነው። እኔ መጽሐፌን ይዤ እዚያው ተቀምጬ ነበር። «ተዉአት» ያልሁበት አንድ ቀን እንኳ አላስታውስም፤ እኔ ልኬአት እኔው «ዘገየች» ብዬ የተናገርሁባት ቀን ግን አለ።

አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እንድታመጣ ወደ ሸዋ በር ገበያ ተላከች፤ በዚያው አልተመለሰችም። ቀኑን ሙሉ ተፈለገች፤ በማግሥቱም ተፈለገች። ከብዙ ቀን በኋላ ወላጆቿ ዘንድ በሰላም እንደ ደረሰች ሰማን። ወሬውን ያመጣልን ሰው ከኪሱ አንድ የታጠፈ 50 ብር አውጥቶ «ይህን ስጥልኝ ብላለች» አለ፤ የሽንኩርቱ መግዣ ነበር። ያን ጊዜ በቤታችን የተባለው «ስንት አድርገንላት!» ነው። እኔም እንደዚያው ብያለሁ።

አያቴ ስለ ቡቺ የተናገሩትን በሰማሁ ዕለት ግን ያች የታጠፈች ብር ትዝ አለችኝ። ልጅቱ የተመታችው ሁልጊዜ ስትመለስ ነው። በመንገድ ላይ፣ በገበያ መካከል፣ ዱላ በማይደርስበት ቦታ ማንም አልነካትም። ወደ እኛ መመለስ ማለት መመታት ማለት እንደሆነ እኛው አስተማርናት፤ እርሷም ትምህርቱን ጨርሳ ሄደች።

ሰውን ከውሻ አስተካከልህ አትበሉኝ። ሰው ውሻ ስላልሆነ ነው ጥፋታችን የሚበረታው። ለውሻ ቁራጭ ሥጋና ለስላሳ ቃል ይበቃዋል፤ ለእርሷ ግን ጊዜዋ፣ ደብተሯና ክብሯ ይገባት ነበር። ጫማ ለማምጣት ውሻ ይበቃል፤ ለዚህ ሲባል ልጅ ከትምህርቷ መነሣት አልነበረባትም።

ነገሩ ከግቢያችን አጥር አያልፍም ለሚል አንድ ቃል ልጨምር። አገርም «ሂድና አምጣ» ብላ ትልካለች። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ከሄዱት አብዛኞቹ ይመለሱ እንደ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን የሚቀረው እየበዛ እንደ ሄደ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ደመወዝና ኑሮ ከምክንያቶቹ መካከል እንዳሉ አልክድም። ነገር ግን በአብዮቱ ጊዜ አገራቸውን ለማገልገል የተመለሱትን ምን እንዳገኛቸው እናስታውስ። ከፈረንሳይ አገር የተመለሱት ኃይሌ ፊዳ በደርግ ታስረው ተገደሉ፤ እንደ እርሳቸው የጠፉትም ብዙዎች ናቸው። በአሳባቸው መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። የመጣውን የመታ አገር ገና በመንገድ ላይ ያለውን ምን እንዳስተማረው ግን ሁላችንም ልንጠይቅ ይገባናል።

ነገ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ የመሥሪያ ቤት አለቆችና ወላጆች እንሆናለን። ሁላችንም ሰው እንልካለን። በበኩሌ የማቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን በቤታችን ያለውን ውሻ አስከትበን አንድ ዕቃ እንዲያመጣ እናስተምረው። ሐረር የሚሄዱ ጓደኞቻችን ለክትባቱ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ጋር ቢመካከሩ፣ ኅብረታችንም አንድ የክትባት ቀን ቢያዘጋጅ መልካም ነው። ውሻው ዕቃ ማምጣቱን ይማራል፤ እኛም የገዛ እጃችንን ጠባይ እንማራለን።

ወደ ትምህርቴ ልመለስ የተነሣሁ ዕለት አያቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ ከዘራቸው ተንሸራቶ ከደረጃው በታች ወደቀ። «ከዘራ» አሉ። ቡቺ ወረደ፤ ነገር ግን በመንገዱ አንዲት ድመት አየና ወደ ቤቱ ጓሮ ተከትሏት ሄደ። እኔ ልነሣ ስል አያቴ በእጃቸው ከለከሉኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቡቺ ከጓሮ ተመለሰ፤ ከዘራውን በመካከሉ ነክሶ አነሣና ወጣ።

አያቴ ተቀበሉት፤ ከጉልበታቸው ላይ ቁራሽ ዳቦ አንሥተው እየሰጡት «ዘገየህ» አሉት። ቀጥለውም «ይሁን፣ መጣህልኝ» አሉ።